ከቤተ መንግሥት ወደ ሙዚየም

ዛሬ ከሥራ ሾልኬ ስድስት ኪሎ ግቢ ገባሁ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ሙዚየም ካየሁት ቆይቷል።

ግቢው ድሮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ሙዚየሙ ያለበት ራስ መኮንን አዳራሽ የጃንሆይ መኖሪያ ነበር። በወረራው ጊዜ ግራዚያኒ ገባበት። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ቦምብ የወረወሩበት እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር ደግሞ የታገቱት ሚኒስትሮችና መኳንንት በአረንጓዴው ሳሎን በጥይት ተደበደቡ። በዓመቱ ግቢው ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። እኔም ብሆን ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት እንቅልፍ አይወስደኝም!

ፎቅ ላይ የንጉሡ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት አሁንም ይታያል። የሰው ጓዳ የገባሁ ያህል አፈርኩ።

ከሁሉ የምወደው ግን ደጅ ያለውን ጠመዝማዛ ደረጃ ነው። የፋሺስቶች ሥራ ነው፤ ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን ደረደሩ። ጣሊያን ሲባረር ደረጃውን ማንም አላፈረሰውም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ጉብ ተደረገበት። ከዚህ በላይ ብቀላ አላውቅም።