ስለ ኢትዮጵያ ጣሪያ ላይ የወጣው ሰው

ከዋሽንግተን ገና ሳይነጋ በተነሳ አውቶቡስ ነው ኒው ዮርክ የገባሁት። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ቢሆንም ከአውቶቡስ ወርጄ በቀጥታ ወደ ዋሽንግተን አደባባይ ሄድኩ። ከመናፈሻው ባሻገር አንድ ትልቅ ቀይ የድንጋይ ሕንፃ አለ፤ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ቦብስት ቤተ መጻሕፍት። ታሚመንት የሚባለው ክምችት እዚያ ነው። የአሜሪካ ግራ ዘመሞች ታሪክ በወረቀትም በድምፅም እዚህ ተቀምጧል። እኔ የመጣሁት ለድምፁ ነው።

ቀጠሮ ይዤ ነበር። ቦርሳ ወደ ውስጥ አይገባም። እስክሪብቶም ክልክል ነው፤ እርሳስ ብቻ። ቁጭ ብዬ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ።

ቃለ መጠይቆቹን መሰብሰብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በ1930ዎቹ ወጣት የነበሩት ኮሚኒስቶች፣ ሶሻሊስቶችና የሠራተኛ ማኅበር አደራጆች ያኔ ሸምግለዋል። ሳያልፉ ድምፃቸው ይቀዳ ተባለ። ይህን ያሰበ ሰው ትልቅ ሥራ ነው የሠራው።

መጀመሪያ የሰማሁት የአንዲት አሮጊት ድምፅ ነው። አስተማሪ ነበሩ። ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ስብሰባው ሲያወሩ አፋቸው አያርፍም። 1950ዎቹ ላይ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ቀዘቀዘ። በዚያ ዘመን ኒው ዮርክ ውስጥ ብዙ አስተማሪዎች ኮሚኒስት ናችሁ ተብለው ከሥራ ተባረዋል። መርማሪዎቹ የሚፈልጉት ደግሞ ስም ነው፤ ማን ከማን ጋር ተሰበሰበ? እሳቸው ያላቸውን መጽሐፍ በሌሊት ማቃጠላቸውን ተናገሩ። ጠያቂው ቀስ ብሎ፣ አብረዋችሁ የነበሩት እነማን ነበሩ አላቸው። ዝም። ማንኪያ ሲኒ ሲነካ ይሰማል። ከዚያ ወደ ሌላው ጥያቄ እንለፍ አሉ። ያ ሁሉ ዓመት አልፎ እንኳ የሰው ስም ከአፋቸው አልወጣም። ያቺን ዝምታ መልሼ መላልሼ ሰማኋት።

ማታ በእግሬ ወደ ፎሊ አደባባይ ወረድኩ። ፍርድ ቤቱ አምዶቹን ደርድሮ ቆሟል። በ1949 የኮሚኒስት ፓርቲው 11 መሪዎች የተፈረደባቸው እዚህ ነው። ወንጀላቸው ቦምብ ማፈንዳት አልነበረም። መንግሥትን በኃይል መገልበጥን ለማስተማር አሲራችኋል ነው የተባሉት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1951 ፍርዱን ሲያጸናው ብዙዎች ስማቸውን ቀይረው ተደበቁ።

በማግስቱ ስለ አብርሃም ሊንከን ብርጌድ ጠየቅኩ። ወደ 2,800 የሚሆኑ አሜሪካውያን በ1930ዎቹ ስፔን ሄደው ፋሺስቶችን ተዋግተዋል። አብዛኞቹ ኮሚኒስቶች ነበሩ። ሰማንያ ዘጠና የሚሆኑት ደግሞ ጥቁሮች ናቸው። ለምን ሄዱ? እዚህ ላይ ነው ልቤ ቀጥ ያለው። ከእነዚህ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተነሱት ለእኛ ነው። ሙሶሊኒ በ1935 ሲወርረን ኢትዮጵያ ሄደው መዋጋት ፈልገው ነበር፤ መንገድ አላገኙም። ስፔን ውስጥ የሙሶሊኒ ጦር ከስፔን ፋሺስቶች መሪ ከፍራንኮ ጎን ቆሞ ሲዋጋ ያኔ አገኙት።

ኦሊቨር ሎ ቴክሳስ ተወልዶ ቺካጎ የኖረ የቀድሞ ወታደር ነው። ነሐሴ 1935 ላይ ቺካጎ ውስጥ ኢትዮጵያ አትወረር የሚል ሰልፍ ተጠራ። ፖሊስ ከለከለ። ኦሊቨር ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሲናገር ተይዞ ታሰረ። አስቡት፤ ጎጃምን አያውቅ፣ ሸዋን አያውቅ። በኋላ ስፔን ውስጥ የሊንከን ሻለቃ አዛዥ ሆነ፤ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበትን የአሜሪካውያን ጦር የመራ የመጀመሪያው ጥቁር። ሐምሌ 1937 እዚያው ስፔን፣ ብሩኔቴ በተባለ ቦታ በውጊያ ላይ ወደቀ። የእሱን ድምፅ የቀዳ የለም።

ሳላሪያ ኪ የምትባል የሃርለም ነርስም አለች። ከጓደኞቿ ጋር ለኢትዮጵያ የሕክምና ዕቃ አሰባስባለች፤ ቀጥሎ ስፔን ዘመተች።

ከጦርነቱ የተመለሱትን አገራቸው እጇን ዘርግታ አልተቀበለቻቸውም። ስቲቭ ኔልሰን የሚባለው የብርጌዱ ሰው በ1952 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ 20 ዓመት ተፈረደበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1956 ነው ያዳነው። እነዚህ ኮሚኒስቶች ስለ ሶቪየቱ መሪ ስለ ስታሊን የነበራቸው ግምት ስህተት ነበር፤ ብዙዎቹም ዘግይተው ነው የገባቸው። ያ ግን ጣሪያ ላይ የወጣውን ሰው ከልቤ አያወጣብኝም።

አገሬ ላይ ከትምህርት ቤት እስከ ቀበሌ አንድም ቦታ የኦሊቨርን ስም ሰምቼ አላውቅም። ይህ ቆጨኝ።

ወጥቼ መናፈሻው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና አዲስ አበባ ደወልኩ። እናቴ በቀይ ሽብር ዘመን ጓሮ ውስጥ መጻሕፍት ቀብራለች። ይህን የነገረችኝ አክስቴ ናት እንጂ እሷ አይደለችም።

«እማዬ፣ እነዚያ መጻሕፍት የማን ነበሩ?» አልኳት።

ዝም አለች። ከኋላዋ የሬዲዮ ድምፅ ይሰማኛል።

«ይሄ በስልክ አይወራም ልጄ» አለችኝ። «ስትመጣ።»