የብስክሌት ምልክቱ የእኔን ብስክሌት አያውቀውም ነበር

ኤሌክትሪክ ብስክሌት የገዛሁ ሰሞን ነው። ነጭ ብስክሌት የተሳለበት ክብ ሰማያዊ ምልክት፣ ማለትም የብስክሌት መንገድ ምልክት፣ ባየሁበት ሁሉ ዘው ብዬ እገባ ነበር። ሁለት ጎማ አለው፣ ፔዳል አለው፤ ሻጩም "ብስክሌት ነው" ብሎኛል።

አንድ ቀን ከፊቴ ብስክሌት የምትነዳ ታዳጊ ድንገት ወደ ግራ ታጠፈች። ለጥቂት ነው የሳትኳት። በዚያ ፍጥነት ከኋላዋ የሚመጣ ነገር አልጠበቀችም። መጠበቅም አልነበረባትም፤ መንገዱ የእሷ ነው። እጄ ሲንቀጠቀጥ ቆየ።

ማታውን ሕጉን ማንበብ ጀመርኩ። በ1968 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ብስክሌትን ሲተረጉም፣ ቢያንስ ሁለት ጎማ ያለው፣ በተሳፋሪዎቹ ጉልበት ብቻ የሚንቀሳቀስ ይለዋል። "ቢያንስ" የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ባለሦስት ጎማውም፣ ፔዳሉ በእጅ የሚዞረውም እዚያ ውስጥ ናቸው።

ሞተር ሲጨመርበትስ? እዚህ ላይ እያንዳንዱ አገር የራሱን መስመር ያሰምራል። በአውሮፓ ኅብረት ሞተሩ ከ250 ዋት ካልበለጠ፣ ፔዳል ሲመታ ብቻ ካገዘና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ማገዙን ካቆመ እንደ ተራ ብስክሌት ይታያል። የምኖርበት አገር ሕግም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ወጥቼ የብስክሌቴን አካል በባትሪ መብራት ፈተሽኩ። የተለጠፈበት ጽሑፍ 500 ዋት ይላል። ደግሞ እጀታውን ከጠመዘዝኩት ፔዳል ሳልነካ ይከንፋል። በሕግ ዓይን ከሞፔድ፣ ማለትም ከአነስተኛ ሞተር ሳይክል፣ ወገን ነው።

ሞፔድ ደግሞ ብስክሌት ብቻ የተሳለበት መንገድ ውስጥ እንዲሁ አይገባም። የአገሩ ሕግ ወይም ከምልክቱ ስር ያለችው ትንሽ ሰሌዳ ልትፈቅድለት ይገባል። ኔዘርላንድስ ውስጥማ ብስክሌትና ሞፔድ አብረው የተሳሉበት ሌላ ሰማያዊ ምልክት አለ። እኔ ያቺን ትንሽ ሰሌዳ ለወራት አንድም ቀን አንብቤያት አላውቅም ነበር። አሁን መጀመሪያ የማየው እሷን ነው።

የሚከለክሉት ምልክቶችም እንደዚያው ናቸው። በቀይ ክብ ውስጥ ብስክሌት ከተሳለ መንዳት አይቻልም፤ በብዙ አገር ግን ወርዶ እየገፉ ማለፍ ይፈቀዳል። ብሪታኒያ ውስጥ ቀዩ ክብ ሞተር ሳይክልና መኪና ከያዘ የሚከለክለው ባለሞተሮቹን ነው፤ ባለፔዳሉ ያልፋል።

ኤሌክትሪክ ብስክሌት ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ዋቱን በዓይናችሁ አንብቡ። ፔዳል ሳይመታ ይሄዳል ወይ ብላችሁም ጠይቁ። እኔ የራሴን እንደ ሞፔድ አስመዝግቤዋለሁ። በመኪና መንገድ እነዳለሁ፤ ያቺን ታዳጊም አንዳንዴ ከማዶ በራሷ መንገድ ስትሄድ አያታለሁ።