ቡዳ በር ላይ የዋሸሁት

ሐረር በአስጎብኚነት ስሠራ ሰባተኛ ዓመቴ ነበር። ከወሎ መጥቼ የተቀበለችኝ ከተማ ስለሆነች ታሪኳን ስናገር ደስ ይለኛል። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን የከተማዋን ግንብ ጀጎልን እንዳስገነቡ፣ አምስቱ በሮች ማታ ማታ ይዘጉ እንደነበር፣ እንግሊዛዊው አሳሽ ሪቻርድ በርተን በ1855 እ.ኤ.አ. ገብቶ አሥር ቀን እንደቆየ እተርካለሁ። እንግዶች "ዝግ ከተማ" ሲባል ስለሚወዱ እሱን አስረዝመዋለሁ።

የዚያን ቀን አራት ጎብኚዎች ይዤ ቡዳ በር ደረስን። በሐረሪዎቹ አጠራር በድሮ በሪ ነው። አማርኛውን ስም ተረጎምኩላቸው፤ "በዚህ በኩል ብረት ቀጥቃጮች ይኖሩ ነበር፣ ሰው ዓይናቸው ይበላል ብሎ ይፈራቸው ስለነበር ነው ይባላል" አልኳቸው። አንደኛዋ ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

ከግንቡ ሥር ማጭድና ዶማ ዘርግተው የተቀመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። "ቡዳ" የሚለውን ቃል ለመስማት እንግሊዝኛ አያስፈልግም። ቀና ብለው አዩኝና፣

"ልጄ፣ ስሙን ነገርካቸው። እኛ ማን እንደሆንን ግን አልነገርካቸውም" አሉኝ።

ጎብኚዎቹ ምን አሉ ብለው ጠየቁኝ። "እንኳን ደህና መጣችሁ እያሉ ነው" አልኳቸው። በሥራዬ ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን የለም። መሳሳት ያጋጥማል፤ ለተሰደበ ሰው በደሉን የሚናገርበትን አፍ መዝጋት ግን ሌላ ነው፣ ያውም አስተርጓሚው እኔ ብቻ ሆኜ።

በማግስቱ ብቻዬን ሄድኩ። "አባባ፣ ትናንት ያሉትን አልተረጎምኩላቸውም፤ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው። ዝም ብለው ማጭድ ይሞርዱ ነበር። ቆይተው ነው የተናገሩት።

"አባቴም አያቴም ወናፍ የነፉት እዚሁ ነው። ገበሬው የሚያርስበት ማረሻ፣ የሚያጭድበት ማጭድ ከእኛ እጅ ነው የሚወጣው። ቀን ከእኛ ዕቃ ይገዛሉ፣ ማታ ልጃቸውን ይደብቁብናል። አንተ መጤ ነህ አይደል? ቡና አጠጥተውሃል?"

"አዎ፣ አባባ።"

"እኛን ግን ስኒያችንን ይለዩብን ነበር።"

ከዚያ በኋላ "ዝግ ከተማ" የሚለውን ተውኩት። ሐረር በዚያ ዘመንም ጠዋት ጠዋት በሯን የምትከፍት የገበያ ከተማ ነበረች፤ የኦሮሞ ገበሬ እህል ይዞ፣ የሶማሌ ነጋዴ ከወደብ መንገድ መጥቶ ይገባል። አንዱ በር እንኳ ለሐረሪው አስማዲን በሪ፣ ለአማርኛ ተናጋሪው ሸዋ በር ነው። ስለዚህ አሁን ለጎብኚ የማነሣው ጥያቄ ማን ገባ የሚለውን አይደለም፤ ከገቡት ውስጥ ከማን ጋር ማዕድ ይቆረስ ነበር የሚለውን ነው። በርተን አሥር ቀን ስለቆየ በየመጽሐፉ ይነሣል፤ ማረሻውን የሠራው ግን ስሙ ስድብ ሆኖ በር ላይ ቀረ።

አዛውንቱን እንግዶች ላምጣልዎት ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

"እኔን ሊያይ የሚመጣ አታምጣብኝ" አሉ፤ "ማጭድ የሚገዛ ካለ ይምጣ።"

እንግዶቼን አሁን በዚያ በኩል ሳሳልፍ በድሮ በሪ ብዬ እጀምራለሁ። ሌላው ስም ከየት መጣ ሲሉኝ፣ ድምፄን ዝቅ ሳላደርግ፣ አባባ በሚሰሙት ርቀት ላይ ቆሜ እነግራቸዋለሁ።