ከልጆቼ ጋር ስለ መንግሥት ማውራት የጀመርኩት እንዲህ ነው

እኔ ባደግኩበት ቤት ፖለቲካ አይወራም ነበር። ወላጆቼ ምክንያት ነበራቸው። የወጣትነት ዘመናቸው ደርግ ላይ ነው የወደቀው፤ ቀይ ሽብር ጓደኞቻቸውን በልቷል። ከዚያ ይዘውት የወጡት ትምህርት «ዝም አይነቅዝም» የሚል ነበር። ዜና ሲጀምር የሬዲዮው ድምፅ ዝቅ ይላል። እንግዳ ካለ ወሬው ስለ ዝናብና ስለ ጤፍ ዋጋ ይሆናል። አልወቅሳቸውም። እኔን ለዚህ ያበቃኝ ያ ዝምታ ሊሆን ይችላል።

አሁን እኔም ባሕር ዳር ላይ ሁለት ልጆች አሳድጋለሁ። ሴቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ወንዱ ሰባተኛ። በ2015 ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ፤ ለወራትም ሳይመለስ ቆየ። ሰዓት እላፊም ነበር። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጆቹና ከእኛ ጋር የሚኖሩት አማቴ ማታ ማታ ተፋጠን መቀመጥ ሆነ ሥራችን። የልጆቹ ጥያቄም ያኔ መጣ። «ማነው የሚተኩሰው?» «ትምህርት ቤት መቼ ነው የሚከፈተው?» «መንግሥት ለምን እንዲህ ያደርጋል?» እኔ ካልመለስኩ ሰፈር ውስጥ መልስ የሚሰጥ ሞልቷል። የሰፈር መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዞሮ ዞሮ የሆነ ብሔር ክፉ ነው የሚል ላይ ያርፋል። እንዲህ ከሆነ እዚሁ ቤት ይወራ አልኩ።

ዝም ብሎ ልቅ ወሬ እንዳይሆን ግን ደንብ አወጣን። የሰማኸውን ስታወራ ከማን እንደሰማህ ትናገራለህ። የሰው ሥራ ይተቻል፤ ዘሩና ሃይማኖቱ አይነካም። «መንግሥት» ብሎ ነገሩን መዝጋት ደግሞ ክልክል ነው። የትኛው መንግሥት? ቀበሌው? ክፍለ ከተማው? ከተማ አስተዳደሩ? ክልሉ? ፌዴራሉ?

ያልጠበቅኩትን ውጤት ያመጣው ይሄ የመጨረሻው ነው። ትንሹ ልጄ ወረቀት አምጥቶ ሰንጠረዥ ሠራና ፍሪጁ ላይ ለጠፈው። መብራት ሲጠፋ የፌዴራል ተቋም ነው። የቧንቧ ውሃ የከተማው ነው። መታወቂያ ቀበሌ ነው። መከላከያ ፌዴራል፣ የክልል ፖሊስ ክልል። «መንግሥት ውሃ አጠፋብን» ይል የነበረ ልጅ «የከተማው ውሃ አገልግሎት ምን ነካው?» ማለት ጀመረ። ንዴቱ አልጠፋም፤ አድራሻ ግን አገኘ። እኔ ራሴ የማላውቀው ብዙ ነበር። የመንገድ ዳር መብራት አምፖሉ ሲቃጠል የማን ነው በሚለው ከባለቤቴ ጋር አንድ ማታ ሙሉ ተከራክረናል።

ቀጥሎ ገንዘቡን አሳየኋቸው። ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይሄ ለእኔ ቀላል ነው። ትንሹን ከሱፐርማርኬት የገዛንበትን ደረሰኝ እንዲያነብ አደረግኩት። ከታች «ተ.እ.ታ 15%» ይላል። «ይሄ ብር የት ነው የሚሄደው?» አለኝ። ለመንግሥት። «እኔ በገዛሁትም?» አንተ በገዛኸውም። ለትልቋ የደመወዝ ወረቀቴን ሰጠኋት። የሥራ ግብሩን አየች። ለጡረታ ከእኔ 7 በመቶ፣ ከአሠሪዬ 11 በመቶ እንደሚገባ አየች። ከዚያ ቀን ወዲህ የተቆፋፈረ መንገድ ባየች ቁጥር «የእማዬ ብር» ትላለች። ትንሽ አበዛችው እንጂ ሐሳቡ ትክክል ነው።

አማቴ በዚህ ሁሉ ደስተኛ አልነበሩም። ጡረተኛ ናቸው፤ ሦስት መንግሥት አይተዋል። አንድ ማታ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አሉ። ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሏቸው ነበር።

ልጄ ሕገ መንግሥቱን አመጣች። በ1987 የጸደቀው ማለት ነው። አንቀጽ 12ን አነበበችላቸው። የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ይጠየቃል ይላል። ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሳ ይችላልም ይላል።

«ወረቀት ነው ልጄ» አሏት።

«አባባ፣ የእርስዎ የጡረታ ደብተርስ ምንድን ነው?»

ሳቁ። ምን ይበሉ! ግን የልጅቷ ነገር እኔንም አንድ ነገር አስታወሰኝ። እኚሁ ሰው ዕድር ላይ ሌላ ሰው ናቸው። ገንዘብ ያዡ ሒሳብ ሲያቀርብ መነጽራቸውን አድርገው መስመር በመስመር ይጠይቃሉ። ድንኳን ተከራይቶ ገቢው ካልተመዘገበ ያስቆማሉ። ሰውየውን ግን አይሰድቡም። ጎረቤታቸው ነው፤ ነገ አብረው ለቅሶ ይደርሳሉ። እንግዲህ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ ከየት ይመጣል? ልጆቹን ወደ ዕድሩ ዓመታዊ ስብሰባ ይዘዋቸው እንዲሄዱ ለመንኳቸው። ትንሹ ሰልችቶት ተኛ። ትልቋ ግን ማስታወሻ ይዛ ተመለሰች።

ከዚያ የቱቦው ነገር መጣ።

ባሕር ዳርን የሚያውቅ ያውቃል። ከተማችን ሜዳ ላይ የተዘረጋች ናት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሲዘንብ ውሃው ተንደርድሮ የሚወርድበት ቁልቁለት የለውም፤ የውሃ መውረጃው ካልተጠረገ እዚያው ይተኛል። የእኛ ሰፈር ቱቦ በሃይላንድ ጠርሙስና በፌስታል ታፍኖ ነበር። ሽታው አንድ ነገር ነው፤ ትንኙና ወባው ግን ቀልድ አይደለም። ልጄ «እንጻፍ» አለች።

የመጀመሪያው ማመልከቻዋ ንግግር ነበር። «ሙሰኞች» የሚል ቃል ነበረበት። «የሕዝብ ደም» የሚልም ነበረበት። ሳልቆጣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኳት፦ ይሄን ያነበበው ሰው ነገ ጠዋት ምን እንዲሠራ ነው የምትፈልጊው? ተቀምጣ እንደገና ጻፈችው። ቦታው የት እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደተደፈነ፣ ምን ጉዳት እንዳመጣ፣ ምን እንደምንጠይቅ። ፎቶ አሳትመን አያያዝን። ከዚያ ፊርማ ለማሰባሰብ ወጣች። እዚህ ላይ ብዙ ተማረች። የሚያማርሩት ሁሉ አይፈርሙም። «ስሜ እንዳይያዝ» ያለም ነበር። እሱንም እንዳትንቀው ነገርኳት። ማንም ሰው ከምንም ተነስቶ አይፈራም። አንዲት ባልቴት ግን ሳያቅማሙ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሳረፉላት።

መሥሪያ ቤቱ ስንደርስ የተለመደው መልስ ጠበቀን። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።»

ልጄ ኮሪደሩ ላይ «ከተወለድኩ ጀምሮ ስብሰባ ላይ ናቸው» አለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

አክብሮትን በተመለከተ የማምነውን ያስተማርኳት እዚያ ቆመን ነው። መዝገብ ቤት የተቀመጠችው ሴት በጀት አትይዝም። ቱቦውን የደፈነችውም እሷ አይደለችም። ገብተሽ ሰላም ትያለሽ፤ «እርስዎ» ትያለሽ። ከዚያ ደብዳቤሽ ገቢ መደረጉን፣ ቁጥሩንና ቀኑን ትጠይቂያለሽ። የራስሽ ቅጂ ላይ ማኅተም ታስመቺያለሽ። ይሄ ሁሉ ሳይሆን ንቅንቅ አትይም። ብዙ ሰው አክብሮት ማለት አንገት ደፍቶ መመለስ ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ መብቱን የሚጠይቀው ጠረጴዛ እየደበደበ ነው። ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ነው የሚወጡት፤ እኔ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ግድግዳው ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል። ብዙ ቢሮ ላይ አለ፤ የሚያነበው የለም እንጂ። ለየትኛው አገልግሎት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ በሰንጠረዥ ተጽፏል። ልጄ አነበበችውና ተመልሳ ገባች። «እትዬ፣ እዚህ ላይ ለአቤቱታ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ተጽፏል። በዚያ ቀን ብመጣ ማንን ልጠይቅ?» ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ያላሰብነውን ነገር ነገረችን። የቱቦ ጠረጋ የእነሱ በጀት አይደለም፤ ደብዳቤው ወደ ከተማው መሄድ አለበት። «ከታች ደግሞ ግልባጭ ለከተማው ምክር ቤት በሉበት» አለች። የእሷም ሰፈር እንደዚሁ ነው አሉ።

ግልባጭ! በዚህ አገር የግልባጭን ጉልበት የማያውቅ ደብዳቤ አይጻፍ። ሁለተኛ ሰው እያየው መሆኑን ያወቀ ኃላፊ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አያሳድርም።

በር ላይ አንድ ሰውዬ ጠጋ ብሎ «ለሻይ የሚሆን ካላችሁ ቶሎ ይጨርሱላችኋል» አለን። አመስግነን አለፍን። ልጄ እስከ ባጃጁ ድረስ ዝም አለች። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ለምን እንደ ቀልድ እንደምንናገረው ጠየቀችኝ። ጥሩ መልስ አልነበረኝም። እኛ ቤት ውስጥ ግን ከዚያ ወዲህ ማንም አይተርተውም።

ጊዜው አልፎ መልስ ሲጠፋ ሌላ ደብዳቤ ጻፈች። በዚህኛው መረጃ ነው የጠየቀችው። የሰፈራችን ቱቦ በዚህ ዓመት ዕቅድ ውስጥ አለ ወይስ የለም? የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካል እንዲህ ላለ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። ቁጥሩን ጠቀሰችው፤ ግልባጩንም አልረሳችም። መልሱ በወረቀት አልመጣም። ሰዎች ግን አካፋ ይዘው መጡ።

ጠረጉት። ጭቃውን ግን መንገዱ ዳር ከምረውት ሄዱ። በቀጣዩ ዝናብ ግማሹ ተመልሶ ገባ። የቱቦው ክዳንም እስካሁን አልተሠራም።

የተመለሰውን ጭቃ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ያወጣ ዕለት ትንሹ አኮረፈ። «ግብር እየከፈልን ለምን እኛ እናጸዳለን?» አለ። ደረሰኙን ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ ዕዳው የእኔ ነው። ሃይላንዱን የጣለው ማነው ብዬ ጠየቅኩት። ማዘጋጃ ቤት አይደለም። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 92 ላይ አካባቢን የመንከባከብ ግዴታ የመንግሥትም የዜጎችም እንደሆነ ይናገራል። ልጁ ግን ግማሽ እውነት ይዟል፤ እሱንም አልደበቅኩትም። ዘመቻ ሲበዛ የመንግሥትን ሥራ ይሸፍናል።

እንቦጭን ተመልከቱ። ጣና ላይ የታየው ከ2004 ጀምሮ ነው። ስንት ገበሬ፣ ስንት ተማሪ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። በ2013 ጥቅምት ላይ የአንድ ወር ዘመቻ ተደርጎ ነበር። የሕዝቡ ፍቅር የሚያስለቅስ ነው። አረሙ የሚወፍርበት ማዳበሪያና ደለል ግን በግልገል አባይ፣ በርብ፣ በጉማራና በመገጭ ነው የሚመጣው፤ የከተማ ፍሳሽም አለበት። እሱን ማቆም የተፋሰስ ሥራ ይፈልጋል። የፍሳሽ ማጣሪያ ይፈልጋል። በየዓመቱ የማይቋረጥ በጀት ይፈልጋል። ይሄን በባዶ እጅ የሚነቅል ገበሬ የለም። ስለዚህ ልጄን አካፋውን ያዝ፤ በማግስቱ ደግሞ በጀቱ የት እንደደረሰ ጠይቅ አልኩት። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ስለ ፍርሃትም ሳላወራ አላልፍም። አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብት ይሰጣል። ልጆቼ ይሄን ያውቃሉ። ግን የምንኖርበትን ጊዜም ያውቃሉ። ሁሉ ነገር ሁልጊዜ ይባላል ብዬ አልዋሻቸውም። ተናደው የሰው ስም እየጠሩ ቲክቶክ ላይ እንዲለጥፉ አልፈቅድም። ስለ ጦርነቱ ባጃጅ ውስጥ አይከራከሩም። ቤት ውስጥ ግን የሚያስቡትን ሁሉ ይላሉ፤ እኔን የሚያስደነግጠኝንም ጭምር። ትልቋ አንዳንዴ ከእኔ ፍጹም ተቃራኒ ነው የምታስበው። ሐሳቧን ለማስቀየር ስሞክር «የማን ወሬ ነው? ምንጭሽን ተናገሪ» ትለኛለች። ያወጣሁት ደንብ እኔኑ ይዞኛል።

አሁን ስለ ቱቦው ክዳን አዲስ ደብዳቤ እያዘጋጀች ነው። አማቴ አጠገቧ ተቀምጠው «የዕድሩንም ማኅተም አስገቢበት፣ ይከብዳል» እያሉ ያስጽፏታል። በቅርቡም 18 ይሞላታል። ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር እንደሚያስፈልግ አጣርታለች፤ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ከተማ ቢደርሳት እንዴት እንደምታደርግ ታስባለች። ለዕጩዎች የምታቀርበውን ጥያቄም ጽፋለች፤ የክዳኑ በጀት በየትኛው ዓመት ይያዛል የሚል ነው። ማንን እንደምትመርጥ እኔ አልጠየቅኳትም። አባቷ ግን አላስቻለውም፣ ጠየቃት።

«ድምፅ ሚስጥር ነው አባዬ» አለችው።