ስትራስበርግ ወይስ ሬንዶን? የናሽናልስ ኮንትራቶች በቁጥር ሲፈተሹ

ዲሲ፣ አሌክሳንድሪያ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው የደብልዩ ፊደል የተጠለፈበትን ቀይ ኮፍያ ባቡር ውስጥ ሳያየው አይቀርም። የዋሽንግተን ናሽናልስ ቤዝቦል ቡድን ኮፍያ ነው። ደጋፊዎቹ ከ2019 ዋንጫ ወዲህ አንድ ነገር ላይ መስማማት አልቻሉም፦ ገንዘቡ ለማን መሰጠት ነበረበት? ለወርዋሪው ስቲቨን ስትራስበርግ ወይስ ለመቺው አንቶኒ ሬንዶን?

ክለቡ ስትራስበርግን መረጠ። በዲሴምበር 2019 በ7 ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ሬንዶን ለዚያው 7 ዓመት፣ በዚያው 245 ሚሊዮን ከሎስ አንጀለስ ኤንጀልስ ጋር ተስማማ። ከዚያ በኋላ ስትራስበርግ የወረወረው በ8 ጨዋታ ብቻ ነው፤ በ2024 ጡረታ ወጣ። ሬንዶን በኤንጀልስ በአንድ ሲዝን ከ58 ጨዋታ በላይ የተጫወተበት ዓመት የለም፤ ሙሉ ሲዝን 162 ጨዋታ ነው፤ 2025ን ጭራሽ አልተሰለፈም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። «ሬንዶን ቢቀር ኖሮ» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ሁለቱም መንገድ ያደረሰው እዚያው ነበር።

ኮንትራት ሲመዘን በተፈረመበት ቀን የሚታወቀው አንድ ነገር፣ በኋላ የሆነው ሌላ ነገር ነው። ስትራስበርግ ሲፈርም 31 ዓመቱ ነበር። በ2010 የክርን ቀዶ ጥገና አድርጓል፤ በየጊዜውም ተጎድቶ ይወጣ ነበር። በ2019 በመደበኛው ሲዝን 209 ኢኒንግ (አንድ ጨዋታ 9 ኢኒንግ አለው)፣ በማጣሪያውና በዋንጫው ፍጻሜ በወርልድ ሲሪስ ደግሞ ከ36 በላይ ወረወረ። ሁለቱ ሲደመሩ በሕይወቱ ከፍተኛው ነው። በድህረ ሲዝኑ 5 ጨዋታ አሸንፎ አንድም አልተሸነፈም፤ የወርልድ ሲሪስ ኮከብም ሆነ። ክለቡ የከፈለው ለዚያ ኦክቶበር ነበር፤ የሚገዛው ግን ቀጣዮቹን ሰባት ዓመታት ነው። በኋላ የገጠመው ችግር በአንገትና በትከሻ መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ነርቭና የደም ሥር የሚጫንበት ሕመም ሆነ። የጎድን አጥንት በቀዶ ጥገና ወጥቶለት እንኳ ክንዱ አልተመለሰም። ይህንን ማንም አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም ነበር። የተጫዋቹ ዕድሜ፣ የጉዳት ታሪኩና የዚያ ዓመት ጫና ግን ወረቀት ላይ ነበሩ። ለወርዋሪ ከ30 ዓመቱ በኋላ ሰባት ዓመት መስጠት ከባድ ውርርድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በሌላው ወርዋሪ በፓትሪክ ኮርቢን ላይ ያለው ቁጣ የተለየ ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ የ6 ዓመት 140 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራቱን ያልሰደበ ደጋፊ የለም። እዚህ ላይ ኢአርኤን መረዳት ያስፈልጋል። አንድ ወርዋሪ በ9 ኢኒንግ በአማካይ ስንት ነጥብ እንደሚቆጠርበት ያሳያል፤ በሜዳ ተጫዋች ስህተት የገባ ነጥብ አይጨመርበትም። 3 አካባቢ ጎበዝ ነው፣ 4 መካከለኛ፣ 5 ካለፈ ቡድኑን ይጎዳል። ኮርቢን በ2019 3.25 ነበር፤ በ2021 5.82፣ በ2022 6.31 ሆነ። መቺዎች ተጠምዝዛ የምትወርደውን ስላይደሩን መተው ለመዱና ፈጣኗን ኳስ ይጠብቁ ጀመር፤ የእሷ ኃይል ደግሞ ያን ያህል አልነበረም። የ2022ቱን 6 አሸንፎ 19 መሸነፉን ማስረጃ ማድረግ ግን ስህተት ነው፤ ያ ቡድን በጠቅላላው 107 ጨዋታ ተሸንፏል። የወርዋሪ ድልና ሽንፈት ቡድኑ በሚያስቆጥረው ነጥብ ላይም ይወሰናል። ከ2021 እስከ 2024 በየዓመቱ ቢያንስ 31 ጨዋታ ጀምሯል፤ ያንን ሸክም የሚሸከም ሌላ ሰው አልነበረም።

ደግሞም ኦክቶበር 30 ቀን 2019 አለ። ሂዩስተን ውስጥ፣ የወርልድ ሲሪስ ሰባተኛውና የመጨረሻው ጨዋታ፣ ሰባተኛው ኢኒንግ፤ አስትሮስ 2 ለ 0 ይመራል። ሬንዶን በአስትሮስ ወርዋሪ በዛክ ግሬንኪ ላይ ሆም ረን መታ፤ ኳሷን ከሜዳ አወጣት። ወጣቱ መቺ ሁዋን ሶቶ ከመምቻው ክልል የወጡትን ኳሶች አልነካ ብሎ በነፃ ወደ አንደኛ ቤዝ ሄደ። ግሬንኪ ወጣ፣ ዊል ሃሪስ ገባ። ሃዊ ኬንድሪክ ወደ ቀኝ የላካት ኳስ የመስመሩን ምሰሶ መታች፤ ያም ሆም ረን ነው፤ ናሽናልስ 3 ለ 2 መራ። ኬንድሪክ በ2 ዓመት 7 ሚሊዮን የፈረመ ነው፤ የሶቶ የዚያ ዓመት ደመወዝ ከ600 ሺህ ዶላር በታች ነበር። ስድስተኛውን፣ ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ኢኒንግ ያለ አንድ ነጥብ የወረወረውና ድሉ የተመዘገበለት ኮርቢን ነው። ጨዋታው 6 ለ 2 አለቀ። እኔ ያን 140 ሚሊዮን የከሰረ ገንዘብ አልለውም።

ብዙ ክርክር የሚበላሸው ገንዘቡ እንዴት እንደሚቆጠር ባለማወቅ ነው። በቤዝቦል ኮንትራት ዋስትና አለው፤ ተጫዋቹ ቢጎዳም ቢደክምም ይከፈለዋል። የቅንጦት ታክስ (የደመወዝ ወጪው ከተወሰነው ጣሪያ ያለፈ ክለብ የሚከፍለው) ሲሰላ የሚታየው የየዓመቱ ቼክ ሳይሆን አማካዩ ነው። ዘግይቶ የሚከፈል ከሆነ ደግሞ ዋጋው ወደ ዛሬ ተመንዝሮ ይቀነሳል። የሎስ አንጀለስ ዶጀርሱ ሾሄ ኦታኒ ከ700 ሚሊዮኑ ውስጥ 680ው ከ2034 ጀምሮ ስለሚከፈል፣ ለታክሱ በዓመት የሚያዘው 46 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ወርዋሪው ማክስ ሸርዘር የናሽናልስን ማሊያ ያወለቀው በ2021 ነው፤ እስከ 2028 ግን በየዓመቱ 15 ሚሊዮን ይደርሰዋል። «የሸርዘር ገንዘብ ታክሱን ሞላብን» የሚሉ ተሳስተዋል፤ ያ ሂሳብ በኮንትራቱ ዓመታት ተዘግቷል። የባለቤቱ ጥሬ ገንዘብ መውጣቱ ግን እውነት ነው።

ሶቶ በ2022 ናሽናልስ ያቀረበለትን የ15 ዓመት 440 ሚሊዮን እምቢ አለ፤ በዓመት 29 ሚሊዮን ገደማ ነው። የምት አማካዩን (ምት ለሙከራ ሲካፈል) አይተው «0.242 ለሚመታ ሰው?» ያሉ ነበሩ። የዚያው ዓመት ቤዝ የመድረስ መጠኑ 0.401 ነው፤ በነፃ የተላለፈበትን ጭምር ይቆጥራል። ከ1000 ሙከራ 401 ጊዜ ቤዝ ደረሰ ማለት ነው፤ ነጥብ የሚመጣውም ከዚያ ነው። በዲሴምበር 2024 ሜትስ በ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ሰጡት፤ በዓመት 51።

ቡድኑን በዋናነት የጣለው ግን፣ እንደኔ፣ ከታች የሚተካ ወጣት መጥፋቱ ነው። ስትራስበርግ በ2009፣ ብራይስ ሃርፐር በ2010፣ ሬንዶን በ2011 በድራፍት፣ ማለትም ክለቦች በየተራ ወጣቶችን በሚመርጡበት ዓመታዊ ሥርዓት፣ የመጡ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ምንጩ ነጠፈ። ሬንዶን ሲሄድ ሦስተኛ ቤዝ ለካርተር ኪቡም ተሰጠ። ኪቡም 2020ን 0.202 እየመታ፣ ያለ አንድ ሆም ረን ጨረሰ። በርካሽ የሚጫወት ወጣት ከሌለ ውዱ ኮንትራት ብቻውን ይቆማል።

ክለቡ በ2022 ሶቶን ለሌላ ክለብ ሰጥቶ በለውጡ ካመጣቸው ወጣቶች ሲጄ አብራምስ በ2024፣ ጄምስ ዉድና ማኬንዚ ጎር በ2025 ለኦል ስታር፣ ለኮከቦቹ ጨዋታ፣ ተመርጠዋል። ክለቡ ግን 2025ን በ66 ድልና በ96 ሽንፈት ጨረሰ። ዉድ ማራዘሚያ ካልፈረመ ከ2030 ሲዝን በኋላ ነፃ ነው፤ ስለ እሱ ሲወራ መጀመሪያ የሚታየው ቁጥር የስትራይክአውቱ (ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮበት የወጣበት) ብዛት ነው፤ በ2025 ከ200 አልፏል።