የተጨፈለቀው የለውዝ አበባ

ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ የሕትመት ቤት ስሠራ እጄ የተፍታታው በባነር ነው። የምርቃት፣ የሠርግ፣ የሱቅ መክፈቻ። ባነር ጉድ ይሸፍናል፤ ሰው ከመንገድ ማዶ ሆኖ አይቶት ስለሚያልፍ ፎቶው ቢደበዝዝም ፊት ትንሽ ቢሰፋም ልብ የሚል የለም። ካንቫስ፣ ማለትም ሸራ ላይ ታትሞ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል፣ እንደዚያ እንዳልሆነ የገባኝ በአንድ ሕፃን ክርስትና ሰበብ ነው።

አባትየው የእኔ እኩያ ነው። ከታቦር ተራራ ግርጌ አዲስ ቤት ገብተው ሳሎኑን ለክርስትናው እያዘጋጁ ነበር። «ከሶፋው በላይ የሚሰቀል ነው፤ ወርዱ 140፣ ቁመቱ 70 ሳንቲ ሜትር ይሁንልኝ» አለና ሥዕሉን በቴሌግራም ላከልኝ። ሰማያዊ ሰማይ ላይ የተዘረጉ ቅርንጫፎች፣ ነጫጭ አበባ። የሆላንዳዊው ሠዓሊ የቪንሰንት ቫን ጎ ሥዕል እንደሆነ ከሥሩ አነበብኩ፤ ከዚያ ያለፈ ግን አልጠየቅሁም። ልኬቱን ሞላሁ፣ ምስሉን ጎትቼ ሳጥኑን አስሞላሁ፣ አተምኩ፣ ጣውላው ላይ ወጥሬ ስቴፕል መታሁ። ቀለሙ አምሮብኝ ነበር።

ሊወስዱት የመጡት የሕፃኑ አያት ናቸው። ዕድሜያቸውን በግብርና መምህርነት የጨረሱ ሰው። መነጽራቸውን አድርገው ቀረብ አሉና ዝም ብለው ቆዩ።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የለውዝ አበባ ነው ጋሼ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ለውዝ ስትል ኦቾሎኒ መስሎህ እንዳይሆን። ኦቾሎኒ መሬት ውስጥ ነው የሚያፈራው። ይሄ ዛፉ ነው፣ የአሮን በትር ያበበችው፣ ኤርምያስም ያየው የለውዝ በትር። አበባው አምስት ቅጠል አለው፤ ከፊት ለፊት ስታየው ክብ ነው። አንተ እንቁላል አድርገኸዋል። ቅርንጫፉንም ተመልከተው፣ ዛፍ እንዲህ ተደፍጥጦ አያድግም።»

አየሁት። ካዩት በኋላ ደግሞ አለማየት አይቻልም። አበባዎቹ ሁሉ ወደ ጎን ተለጥጠዋል። ጠርዝ ላይ ያሉት ጭራሽ ታጥፈው የጣውላው ጎን ላይ ቀርተዋል፤ ለመጠቅለያ የሚሆን ትርፍ አልተውኩም ነበር። ከአንድ ሜትር ርቀት ሲያዩት ደግሞ የእያንዳንዱ አበባ ጠርዝ በጥርስ የተቆረጠ ይመስላል። ክርስትናው ሁለት ቀን ነው የቀረው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በራሴ ወጪ ደግሜ እሠራዋለሁ» አልኳቸው። አልተቆጡም። «ከመሥራትህ በፊት ምን እንደሆነ እወቀው» ብለውኝ ሄዱ። ከቁጣ ይልቅ ይሄ ነው የከበደኝ።

ማታ ስለ ሥዕሉ አነበብኩ። ቫን ጎ የሳለው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1890 ነው፤ ፈረንሳይ አገር ሳን ሬሚ ታሞ በሚታከምበት ጊዜ። ወንድሙ ቴዎ በፈረንጆቹ ጥር 31 ቀን ወንድ ልጅ ወልዶ ስሙን ቪንሰንት ብሎ በእሱ ስም ሲጠራው ለሕፃኑ ስጦታ ብሎ ነው የሠራው። ለውዝ የመረጠው የአውሮፓ የብርድ ወቅት ሳይወጣ ቀድሞ የሚያብብ ዛፍ ስለሆነ ነው፤ የአዲስ ሕይወት ምልክት። ያ ሕፃን አድጎ የአጎቱን ሥዕሎች ጠብቆ አቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 አምስተርዳም ላይ ሙዚየም ሲከፈትላቸውም ከዋናዎቹ ደካሚዎች አንዱ እሱ ነበር። ይህን ሳነብ አፈርኩ። ለሕፃን የተሳለን አበባ ነው ለሌላ ሕፃን ጨፍልቄ የሰጠሁት።

ከዚያ ሒሳቡን ያዝኩ። ዋናው ሥዕል ቁመቱ 73.3፣ ወርዱ 92.4 ሳንቲ ሜትር ነው። ወርዱን 140 ካደረግነው ቁመቱ ወደ 111 መምጣት ነበረበት፤ እኔ 70 ላይ ደፈጠጥኩት። ቴሌግራም ፎቶን ጨምቆ ስለሚልክ የደረሰኝ ምስል ወርዱ 1,280 ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ብቻ ነበር። 140 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲዘረጋ በአንድ ኢንች 23 ፒክስል ገደማ ይደርሰዋል። ለባነር ያልፋል። ሰው ቡና እየጠጣ አጠገቡ ለሚቀመጥ ካንቫስ ግን እኔ አሁን 150 ካልሞላ አልነካውም።

አባትየውን ደወልኩና የሶፋውን ርዝመት አስለካሁት፤ 180 አለኝ። «እንግዲያው 140ውን እንተወው፤ የሶፋው ሁለት ሦስተኛ ይበቃል። ወርዱ 120፣ ቁመቱ 95 ቢሆን አንድም አበባ አይነካም» አልኩት። ተስማማ። ወርዱ ከ7,000 ፒክስል የሚበልጥ ፋይል ፈልጌ አገኘሁ። በአራቱም ጎን አምስት አምስት ሳንቲ ሜትር ጨመርኩ፤ የጨመርኩት ቦታ ላይ የጠርዙን ምስል እንደ መስታወት ገልብጬ አስቀመጥኩት፣ እንዲህ ሲሆን የሚታጠፈው ትርፉ እንጂ ሥዕሉ አይደለም። መጀመሪያ የአንድ ቅርንጫፍ ቁራጭ አትሜ የሰማያዊውን ቀለም በቀን ብርሃን አየሁ። ስወጥርም ከየጎኑ መሐል ጀምሬ ወደ ማዕዘን ሄድኩ፤ ከማዕዘን ከጀመሩ ሸራው መሐል ላይ ይላላል።

በዋዜማው ራሴ ይዤው ሄድኩ። ያሰቡት ግድግዳ ላይ ከሐይቁ በኩል ባለው መስኮት የከሰዓት ፀሐይ ቀጥ ብላ ታርፋለች። ስለ ሥዕሉ ካነበብኩት አንዱ ትዝ አለኝ፤ ዛሬ ነጭ የሚመስሉት አበቦች ሲሳሉ ወደ ሮዝ ያደሉ ነበሩ፣ በዘመን ብዛት ብርሃን ነው ያነጣቸው። የዘይት ቀለም እንዲያ ከሆነ የእኛ የማሽን ቀለም እንዴት ይችላል? ይህን ስነግራቸው ሶፋውን አንሥተን ፀሐይ ወደማያገኘው ግድግዳ አዛወርነው። ምስማሩን የመታሁት ሥዕሉ ከሶፋው መደገፊያ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ እንዲል አድርጌ ነው።

ጋሼ ከመስቀሌ በፊት አስቆሙኝ። መነጽራቸውን አደረጉና በጣታቸው አንዱን አበባ ቅጠል በቅጠል ቆጠሩት። «አምስት» አሉ። «አሁን ስቀለው።»