የሳንባ ታማሚ፣ የጨጓራ መድኃኒት

ዛሬ ጠዋት ከአዳር ስወጣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል፣ የደሴ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ሐሳቤ ግን እዚያው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ቀርቷል። ሌሊት እናቱ መተንፈሻ ማሽን ላይ ያሉ አንድ ልጅ «ሲስተር፣ እናቴን ያመማት ሳንባዋን አይደል እንዴ፣ የጨጓራ መድኃኒት ለምን ትሰጫታለሽ?» አለኝ።

ደስ አለኝ። ስንቱ አስታማሚ ፈርቶን ሳይጠይቅ ይሄዳል!

ሰው በጽኑ ሲታመም ወደ ጨጓራው የሚሄደው ደም ይቀንሳል፣ ግድግዳው ይቆስላል፣ አንዳንዴም ይደማል። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ሪቫይዝ የተባለ ጥናት በ8 አገሮች ማሽን ላይ የነበሩ 4,821 ሕሙማንን ተከታትሏል። በየቀኑ 40 ሚሊግራም ፓንቶፕራዞል የተባለ የጨጓራ መድኃኒት በደም ሥር ከተሰጣቸው ከባድ መድማት የገጠማቸው 1 በመቶ ናቸው፣ ካልተሰጣቸው ግን 3.5 በመቶ። ሞትን ግን በግልጽ አልቀነሰም። ይህንንም ሳልደብቅ ነገርኩት፣ ምክንያቱም ቤተሰብ በውሸት ተስፋ ሲጠብቅ ማየት በጣም ያመኛል።

ዝም ብሎ ሰማኝና «አላህ ይስጥሽ» አለኝ።

ዛሬ ማታም ተረኛ ነኝ። ለእኚህ እናት ዱዓም ጸሎትም አድርጉልኝ።